ሊነክስና ሦስት እግር ቡና

ኮምፒውተሬ ለዓመታት በየማለዳው ሌባ ሲለኝ ኖሯል። «ሌባ» የሚለውን ቃል አይጠቀምም፤ የሠሩት ሰዎች ጨዋዎች ናቸው። ስክሪኑ ታች፣ በስተቀኝ ጥግ ላይ፣ ደብዘዝ ባለ ነጭ ፊደል «ይህ የዊንዶውስ ቅጂ እውነተኛ አይደለም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ ስድቡ እሱ ነው። ደብዳቤ ስጽፍ እዚያው ነው። ጋዜጣ ሳነብ እዚያው ነው። ስለ ሥነ ምግባር መጣጥፍ ስጽፍማ ደመቅ የሚል ይመስለኛል። ባለቤቴ በወረቀት ቁራጭ ሸፍነው ብትለኝ ሸፈንኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ከወረቀቱ ሥር እንዳለ አውቃለሁ።

በዚህ ብቻዬን አይደለሁም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ዊንዶውስን ከሻጩ ገዝቶ ቤቱ የሚጠቀም ሰው ካለ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኔ የማውቀው ዊንዶውስ ሁሉ የተወለደው ከአንድ ዲስክ ነው። ሽፋኑ ላይ ረጅም ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። ከቤት ቤት ሲዞር ኖሮ ቀለሙ ስለደበዘዘ አንደኛው አኃዝ ሦስት ይሁን ስምንት የሚያውቁት ጥቂት አረጋውያን ብቻ ናቸው። ስለዚህ የተማሩ ሰዎች «የሚሸጠው ይሻላል ወይስ ነፃው?» እያሉ ሲከራከሩ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። እኛ ዘንድ የሚገዛ የለም። የእኛ ምርጫ በተሰረቀ ነፃና በተፈቀደ ነፃ መካከል ነው። እኛም ማንም ሳያስገድደን የተሰረቀውን መርጠናል፤ እሱን ሁሉም ሰው ያውቀዋላ።

እኔ ደግሞ ሁሉም የመረጠው ነገር አይስማማኝም። በዚህ የቡና አገር ሻይ የምጠጣ ሰው ነኝ፤ አንዳንድ ቤት በዚህ የተነሳ እንደ በሽተኛ ነው የሚያዩኝ። ይሁን እንጂ ለመቃወም ብቻ ብዬ ኮምፒውተሬን አላፈረስኩም። ያስፈረሱኝ ጋሽ ዘውዴ ናቸው።

ጋሽ ዘውዴ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ነበሩ። በጉልበታቸው ዘመን የመድኃኒት ሣጥን ተሸክመው፣ ከሸዋ ቤንች እስከ ሸኮ ጫካ ለጫካ በእግራቸው እየዞሩ ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ የኖሩ ሰው። በዚህ አካባቢ ከእኔ ዕድሜ በላይ የሆነ፣ የእሳቸውን መርፌ የማያስታውስ መቀመጫ የለም። ከጡረታ በኋላ ከከተማው ጫፍ ያለችውን የቡና ማሳቸውን እየኮተኮቱ፣ ከእኛ ሦስተኛው በር ላይ ይኖሩ ነበር።

እኔ በሰፈራችን ዕድር የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ነኝ። የማይሻሩበት ሹመት ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እያለቀሰ ይመጣል፤ እኔ ሦስት ገጽ እጽፋለሁ፤ ቀብር ላይ ይነበባል። በእነዚያ ሦስት ገጾች ውስጥ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ሟች ሁሉ ለተቸገረ ደራሽ፣ ሟች ሁሉ ሰው አክባሪ፣ ሟች ሁሉ ጨዋታ አዋቂ ነው። እኔ ጽፌ ያስቀበርኳቸውን ዓይነት ጎረቤቶች በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን አላገኘኋቸውም።

ጋሽ ዘውዴ ይህን ያውቃሉ። ልባቸው እየደከመ ሲሄድ አስጠሩኝና «የእኔን እኔው ላስጽፍህ» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ገና ነዎት እኮ!»

«ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ጻፍ ስልህ ጻፍ። እነዚህ ልጆቼ ቅዱስ አድርገው ሊቀብሩኝ ነው። የሚያውቀኝ ሰው ይስቃል።»

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ከጎኔ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። በአምስተኛውና በመጨረሻው እሑድ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ እንዲህ አሉ፦

«ከጎረቤቴ ከአቶ እገሌ ሦስት እግር ቡና ሰረቅሁ። እሱ ወባ ጥሎት፣ እኔው እያከምኩት፣ የድንበሩን ድንጋይ ወደ እሱ ማሳ ገፋሁ። ሲድን ጠየቀኝ። በሽማግሌ ፊት ምዬ ካድኩት። ይቅር በለኝ።»

«እገሌ» አላሉም፤ ስሙን ጠርተዋል። «እገሌ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል።

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ቢሆን ዝም ይላል። እኔ ግን ደራሲ ነኝ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «‹ሰረቅሁ› የሚለው ለቀብር ትንሽ ይከብዳል። ‹ድንበሩ ተዛብቶ ነበር› ብንልስ?»

«ማን አዛባው?»

«እሱን አንገልጽም።»

«ድንጋዩ በእግሩ ሄደ?»

«እሺ፣ ‹ወሰድኩ› እንበል።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ መርፌ ወግቼ ‹ነካ አደረግኩህ› ብዬ አላውቅም። ሰረቅሁ በል!»

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። አሸነፉኝ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀስረው «ስሙንም እንዳትዘል። የካድኩት ሰው ፊት ነው፤ ሰው ፊት ይጠራ። ስም ከሌለው ይቅርታ አይደለም፣ ወሬ ነው» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ስለዚያ ክርክር እያንዳንዱን ቃል ዛሬም አስታውሳለሁ። ስሙን ግን ጣቴ ጻፈው እንጂ ጆሮዬ አልያዘውም፤ ጆሮዬ ግሡ ላይ ነበር።

በማግስቱ ኮምፒውተሬን ስከፍት የሸፈንኩበት ወረቀት ወድቆ ኖሯል። ያ ነጭ ጽሑፍ አፈጠጠብኝ። አንድ ሽማግሌ ለሦስት እግር ቡና ሲል ሕዝብ ፊት ሌባ ነበርኩ ሊል ተዘጋጅቷል፤ እኔ ደግሞ ያንኑ ኑዛዜ በተሰረቀ ዕቃ ላይ እጽፋለሁ! ተሸማቀቅሁ። በዚያው ሳምንት ሊነክስ ለመጫን ወሰንኩ።

ለማታውቁት፣ ሊነክስም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ልዩነቱ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች በደቦ የሠሩት፣ ውስጡ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ማንም ወስዶ ቢጠቀምበት ሌባ የማይባልበት መሆኑ ነው።

«የሚሠራ ነገር ለምን ታፈርሳለህ?» አለች ባለቤቴ።

«ከሕሊናዬ ጋር ልታረቅ።»

«ከፕሪንተሩስ ጋር?»

ይህች ሴት ነገር ቀድሞ ይታያታል። ሊነክስ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ ፕሪንተራችን ከእኔ ጋር ዝምድና የለኝም ብሎ ካደኝ።

ግን ፍትሐዊ ልሁን። አዲሱ ኮምፒውተሬ ሻይ አፍልቼ እስክመለስ አያስጠብቀኝም፤ ቶሎ ይነሣል። በከተማችን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው ቫይረስ አይነካውም። ከሁሉም በላይ ጥጉ ባዶ ነው። እዚያ ባዶ ጥግ ላይ ዓይኔን ተክዬ የተቀመጥኩባቸው ቀናት ነበሩ። ጥንቃቄም አልጎደለኝም። ዲስኩን ከማጥፋቴ በፊት ጽሑፎቼን በሙሉ ፍላሽ ላይ አውጥቼ አስቀመጥኩ፤ ከተጫነ በኋላ መለስኳቸው፤ ያነበብኩት መመሪያ «የሊነክሱ አሠራር ይሻላል» ስላለ ፍላሼንም በዚያው አሠራር አስተካክዬ አንድ ቅጂ አኖርኩበት። ሳልከፍታቸው። ጽሑፍ ጽሑፍ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ።

ለሁለት ሳምንት ያህል ጻድቅ ሆንኩ። ሰው ሰላም ሲለኝ ስለ ሊነክስ እነግረዋለሁ። በዕድራችን ስብሰባ ላይ፣ አጀንዳው የድንኳን ዕቃ በነበረበት ቀን፣ ስለ ሶፍትዌር ነፃነት ተናግሬ አስቆሙኝ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የዕድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ጋሽ ዘውዴ አርፈዋል። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት።

ሮጬ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ድንቅነሽ አጎንብሰው ከተቀመጡበት ቀና ብለው «ያስጻፈህ አለ አይደል? የራሱን ቃል ነው የምታነብልኝ» አሉኝ። «አለ፣ ምንም አያስቡ» አልኩ። ቤቴ ተመልሼ ፋይሉን ከፈትኩት።

ስክሪኑ ላይ የወጣው አማርኛ አልነበረም። እንግሊዝኛም አልነበረም። የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት፣ ጭንቅላታቸው ላይ ነጠብጣብ የተደረገባቸው የማላውቃቸው ፊደላት፣ ሁሉም ተደባልቀው እንደ ተበተነ ምስር ፈሰሱ። ቆይቶ ገባኝ። እኔ ለሃያ ዓመት አማርኛ የጻፍኩበት አሮጌ ፕሮግራም ከዚያው ከተሰረቀው ዲስክ የተገኘ ነበር፤ ዊንዶውስን ስሸኝ አብሮ ሄዷል። የእሱ ፊደል የሌለበት ማሽን ጽሑፉን የሚያየው እንዲህ አድርጎ ነው።

እዚህ ላይ እጄን ሰብስቤ ቁጭ ብል ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር። ግን እኔ ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ። «ፊደሉን መቀየር ነው እንጂ!» አልኩና ጽሑፉን በሙሉ መርጬ፣ ማሽኑ ላይ ያገኘሁትን አንድ የአማርኛ ፊደል አለበስኩት። አልተለወጠም። ሌላ ሞከርኩ። አልተለወጠም። ከዚያ በጣም ሥርዓት ያለው ሰው ስለሆንኩ፣ ስወጣ ሴቭ አደረግኩት።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ለምን ሐያት ጋ አትወስደውም? እሷ የድሮው አላት» አለችኝ።

ሐያት መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አባቷ ከጅማ በኩል መጥተው ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩበት ሱቅ ነው። በከተማው ውስጥ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ውል የሚያስጽፍ ሁሉ እሷ ጋ ይሰለፋል። እጇ ከዓይኗ ይፈጥናል፤ ጥፋቱም ከዚያ መጣ። ያልነካሁት ቅጂ ያለበትን ፍላሼን አውጥቼ ሰጠኋት። ሰካችው። ማሽኗ የሊነክስ አሠራር አያውቅምና አንድ ጥያቄ ጠየቀ። እሷም ጥያቄውን ሳታነብ «አዎ» የሚለውን ነካች።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ፍላሹ ተበላሽቷል፣ ላጽዳው ወይ አለኝ ጋሼ። የሰዉ ፍላሽ ሁሉ እንዲህ ነው፣ በሽተኛ ነው። አጸዳሁልዎት።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«ንጹሕ ነው አልኩዎት እኮ! እንዲያውም አንቲቫይረስ ጭኜበታለሁ፣ በነፃ።»

ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ የሚያስተምረኝ ባገኝ ኖሮ አለቅስ ነበር። ነገሩን ሳስረዳት ፊቷ ተለወጠ። «ውይ! የድሬሰሩ ነው? እኔንም በልጅነቴ ወግተውኛል! ቤትዎ ያለውን ያምጡት፤ ሲፒዩውን ራሱን ያምጡት፣ እዚህ እንከፍተዋለን» አለችኝ። ቤቴ ስደርስ መብራት ጠፍቷል። ስለዚህ ሌላ መንገድም አልነበረም፤ ሐያት ጄኔሬተር አላት።

ዝናቡ ያን ቀን ደግሞ እንደ ሚዛን ዝናብ ነበር። ሲፒዩውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ፍጥነት ጨመረ።

«አይዞዎት ጋሼ። ሆስፒታል ነው? ልጁ ምን ሆኖ ነው?»

«አማርኛ ጠፍቶበት ነው» አልኩት።

ፍጥነቱን መልሶ ቀነሰ።

ሐያት ሲፒዩውን ከስክሪኗ ጋር አገናኝታ፣ በዚያ ንጹሕ ፍላሽ ላይ ፋይሉን አውጥታ፣ በእሷ ማሽን ከፈተችው። አሮጌውን ፊደል አለበሰችው። አማርኛ ወጣ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ለማንበብ ሞከርኩ።

ፊደላችን ብዙ ነው። አሮጌው ፕሮግራም በአንድ ሣጥን አልበቃው ብሎ ፊደሉን ለሁለት ሣጥን ከፍሎ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ግማሹ ከአንዱ፣ ግማሹ ከሌላው እየወጣ ነው ቃል የሚሆነው። እኔ ጠዋት ጽሑፉን በሙሉ መርጬ አንድ ልብስ ሳለብሰው ሁለቱን ሣጥን አንድ ላይ ገለበጥኩት። የትኛው ፊደል ከየትኛው ሣጥን እንደመጣ አሁን የሚያውቅ የለም። የአንደኛው ሣጥን ፊደላት ደህና ናቸው፤ የሁለተኛው ግን በሌላ ፊደል ተተክተዋል። እኔም ሴቭ አድርጌዋለሁ።

ሐያት ግንባሯን አኮማትራ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «‹ተወለድኩ› ነው መሰል። ‹መድኃኒት› ይሆን? ‹በበቅሎ›... አይ፣ በበቅሎ ሳይሆን በእግር።» የተለመደ ቃል ግማሽ ፊደሉ ቢሳሳትም ሰው ይገምተዋል። ሁለት ሰዓት ፈጅተን ሕይወታቸውን ለቀምነው። ያቺ አንቀጽ ጋ ስንደርስ ሐያት ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ‹ሦስት እግር ቡና ሰረቅሁ› ነው የሚለው?»

«ነው።»

«‹ሰረቅሁ› ጥርት ብሎ ነው የወጣው። አንድ ፊደል አልተነካም።» ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ከጎረቤቴ ከአቶ... ይሄ ምን ዓይነት ስም ነው?»

ስም አልነበረም። ስሙ የነበረበት ቦታ ላይ ማንም ወላጅ ለልጁ የማያወጣው የፊደል ክምር ተቀምጧል። ቃል ይገመታል፤ ስም እንዴት ተደርጎ ይገመታል? ዓይኔን ጨፍኜ ያን እሑድ መልሼ ለመስማት ሞከርኩ። የሰማሁት የራሴን ድምፅ ብቻ ነበር። «ድንበሩ ተዛብቶ ነበር» ይላል።

የጋሽ ዘውዴን ማሳ አውቀዋለሁ። አንድ በኩል መንገድ ነው፣ አንድ በኩል ወንዝ ነው፤ ከላይ አቶ ጋሻው አለ፣ ከታች ሙሉጌታ የሚባል ነጋዴ አለ። ከሁለት አንዱ ነው አልኩ። ቀብሩ ላይ እትዬ ድንቅነሽ ጎን ጎንበስ ብዬ «እትዬ፣ ጋሽ ዘውዴ ከጎረቤት ጋር... ድሮ... በድንበር ነገር...» ስል፣ «ዘውዴ? ዘውዴ የሰው ሣር እንኳ ረግጦ አያውቅም!» ብለው ለቅሷቸውን ቀጠሉ።

ተጠራሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። ያቺ አንቀጽ ላይ ስደርስ ልዘላት እችል ነበር፤ ማንም አያውቅም። ግን ሁለት ስም ካለበት አንዱን መጥራት ሐሰት ሊሆን ነው፣ መዝለልም ክህደት ሊሆን ነው። እኔ ሦስተኛውን መረጥኩ። «ከአንድ ጎረቤቴ ሦስት እግር ቡና ሰረቅሁ። ምዬ ካድኩት። ይቅር በለኝ» ብዬ አነበብኩ። ጃንጥላው ሁሉ ተንቀሳቀሰ። አቶ ጋሻውና ሙሉጌታ ተያዩ። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይ ጉድ፣ ማን ይሆን?» አለች። አንብቤ ጨረስኩና ወደ ሰዉ መሐል ገባሁ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አቶ ጋሻው ወደ እትዬ ድንቅነሽ ቀርቦ «እኔ ነኝ። ይቅር ብየዋለሁ፣ ነፍሱ ትረፍ» አለ። ብዙም ሳይቆይ ሙሉጌታ መጣና «እኔ ነኝ እትዬ። ይቅር ብያለሁ» አለ። እትዬ ድንቅነሽ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያያሉ። በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶው በረድ ሲል፣ «እንግዲህ ለሁለቱም ሦስት ሦስት እግር ይለቀቅ። የማንም ዕንባ ቤቴ አይደር» ብለው ወሰኑ። ጋሽ ዘውዴ ሦስት ወሰዱ፤ በእኔ ሊነክስ ምክንያት ባለቤታቸው ስድስት ሊሰጡ ነው።

አላስቻለኝም። ሰው ሲሳሳ ጠብቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ስሙ እንደነበረ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ። ስለ ሁለቱ ሣጥን ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ።

«ስሙን አስጽፎህ ነበር?»

«አስጽፈውኛል። እንዳልዘል አስጠንቅቀውኛል።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ በእሱ ተናድጄ ነው የከረምኩት። አመነና መሐል መንገድ ላይ ፈራ ብዬ።» ከዚያ አዩኝ፤ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። «ተነሥ። ለሁለቱም ሂድና የሆነውን ንገራቸው።»

አቶ ጋሻው ደጁ ላይ አጥር ያጠብቃል። ነገርኩት። ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማኝ።

«ከእኔ ማሳ ማንም አንድ እግር አልወሰደም» አለኝ።

«ታዲያ እኔ ነኝ አልክ እኮ!»

«ምን ላድርግ? ሰውዬው ሬሳ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ይቅር በሉኝ ይላል፤ የሚመልስለት የለም። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። አፈርኩ። አንድ ሰው ይቅር ይበለው እንጂ ብዬ ነው።» ሚስማሩን መታ። «እኔ የገረመኝ ሙሉጌታ ነው። እውነተኛው እሱ ከሆነ ምነው ዘገየ?»

ወደ ሙሉጌታ ወረድኩ። የእሱም መልስ ያው ነበር፤ «እኔ ነኝ» ያለው አፍሮ ነው፣ አቶ ጋሻው ቀድሞት ማለቱን አልሰማም። «ደግሞ ጋሼ፣ እኔ ይህን መሬት ከገዛሁ ገና አምስት ዓመቴ ነው። የሚሉት ነገር የድሮ አይደል እንዴ?»

እግሬ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። የመሬት ጎረቤት የሚለወጥ ነገር መሆኑ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልታየኝም ነበር።

«ከማን ነው የገዛኸው?»

«ከጋሽ ተክሉ። አሁን ልጃቸው ጋ ሸኮ ናቸው።»

ተክሉ! አዎ። ስሙ እንደተጠራ ያ እሑድ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ መጣ፤ «ከጎረቤቴ ከአቶ ተክሉ» ያሉበት ድምፅ ሳይቀር።

«ባለፈው እኮ ነበሩ» አለ ሙሉጌታ።

«የት?»

«ቀብሩ ላይ። ከሸኮ ድረስ መጥተው ከኋላ ቆመው ነበር። እርስዎ ያቺን ሲያነቡ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስም ሳይጠራ ሲያልፍ መልሰው አደረጉት። ድንኳን እንግባ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ‹ዘውዴ እስከ መጨረሻው ፈራኝ› አሉና ወደ መናኸሪያ ሄዱ።»

ያን አንቀጽ ቤቴ ገብቼ፣ አንድም ቃል ሳላሳምር፣ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሸኮ ሄድኩ።

ጋሽ ተክሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ቡና ይለቅማሉ። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራቸው አወቁኝ። ቆሜ አነበብኩላቸው። «ከጎረቤቴ ከአቶ ተክሉ ሦስት እግር ቡና ሰረቅሁ።» እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ድገመው እስቲ።»

ደገምኩት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት።

«ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ ነው ጋሼ።»

«ቀብሩ ላይ ስታነብ ስሜ አልነበረም። ዛሬ ከየት መጣ?»

ነገርኳቸው። ስለ ሊነክስ፣ ስለ ሁለቱ ሣጥን፣ ስለ ፍላሹ፣ ስለ ሐያት፣ አንድም ሳላስቀር። ሰው ስለ ሕመሙ ሲያወራ እንደሚሰሙት በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንተ ደግ ሰው ነህ። ጋሻውም ደግ ነው፣ ሙሉጌታም ደግ ነው፤ ሁለቱም የእኔን ይቅርታ ሲያደርጉልኝ እንደዋሉ ሰምቻለሁ። አንተም አዝነህልኝ ትናንት የጻፍከው እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?»

«እውነቴን ነው ጋሼ፣ እሳቸው ያሉት ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ነው ያስጻፉኝ።»

«እንግዲያው ከዚያው አውጣልኝ። ከራሱ ከዘውዴ ይምጣ። ያን ቀን ይቅር እለዋለሁ» አሉና ወረቀቴን መልሰውልኝ ቡናቸውን መልቀም ቀጠሉ።